ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር፦ መቼ ይገዛ? መቼስ ይቅር?

ልጁ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና «ቲቸር፣ ሦስት መስመር ነው» አለኝ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሰነፍ አይደለም። የሰጠሁት ፈንክሽን ኤክስ ኩብ ሲቀነስ 20 ኤክስ ነበር። አዲሱ ግራፊንግ ካልኩሌተሩ ላይ ጻፈው። ግራፍ የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ቀጥ ብለው የቆሙ የሚመስሉ ሦስት ጭረቶች ወጡ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ መሃል ላይ፣ አንዱ በቀኝ። ያየውን ነው የነገረኝ።

ማሽኑም አልተሳሳተም። ሌላ ካልተነገረው በስተቀር የሚያሳየው በአግድምም በቁመትም ከኔጌቲቭ 10 እስከ 10 ያለውን ቦታ ብቻ ነው። የዚህ ኩርባ ጉብታ ግን ከ34 በላይ ይወጣል። ጎድጓዳውም ከኔጌቲቭ 34 በታች ይወርዳል። ሁለቱም መታጠፊያዎች ከስክሪኑ ውጭ ቀሩ። የታዩት ኩርባው ኤክስ አክሲስን ቆርጦ የሚያልፍባቸው ሦስት ቦታዎች ብቻ ናቸው።

አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ካልኩሌተር የላትም። በእርሳስ ሦስቱን መቁረጫ ነጥቦች አወጣች፦ ዜሮ፣ 4.47 ገደማ እና ኔጌቲቭ 4.47 ገደማ። «ኩብ ስለሆነ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ተመልሶ መውጣት አለበት» አለችና ኩርባውን ደብተሯ ላይ ሳለችው። ከዚያ የእሱን ካልኩሌተር ተቀበለችና የቁመቱን ወሰን ከኔጌቲቭ 40 እስከ 40 አደረገችለት። ምስሉ ሙሉ ሆኖ ወጣ።

የዚያን ቀን ማሽኑን በሚገባ የተጠቀመችበት ማሽን የሌላት ልጅ ናት። ወላጆች «ለልጄ ግራፊንግ ካልኩሌተር ልግዛ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚታወሰኝ እሷ ናት። ዕቃው ቀላል ወጪ አይደለም። ከተራው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ብዙ እጥፍ ይወደዳል። ስለዚህ ጥያቄው ተድበስብሶ መታለፍ የለበትም። እኔ የደረስኩበትን መልስ አስቀድሜ ልናገር፦ ልጁ የሚቀመጥበት ፈተና ይህን ማሽን የሚጠይቅ ከሆነ ይገዛለት፣ ያውም ቀደም ብሎ። ፈተናው የማይጠይቀው ከሆነ ግን ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይዋል። ለመማሪያነት ከእሱ የተሻለ ነገር በነጻ አለ።

ለምን እንዲህ እንደምል ዘርዘር ላድርገው።

ከ1985 እስከ ዛሬ

በዓለም የመጀመሪያው ግራፍ የሚስል የእጅ ካልኩሌተር ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ኤፍኤክስ-7000ጂ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ለፕሮግራም የነበረው ማህደረ ትውስታ 422 ባይት ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ የስልክ መልእክት ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ቢሆንም ለዚያ ዘመን ተማሪ ተአምር ነበር። ኩርባ ለማየት ሠንጠረዥ ሠርቶ፣ ነጥብ በነጥብ አስቀምጦ፣ ነጥቦቹን ማገናኘት ግድ ይል ነበር። አንድ ጥያቄ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ማሽኑ ያንን ወደ ጥቂት ሰከንድ አወረደው።

ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1990 በቲአይ-81 ገበያውን ተቀላቀለ። በ1996 ቲአይ-83 መጣ፣ በ2004 ደግሞ ቲአይ-84 ፕላስ። እዚህ ላይ ነገሩ ቆመ ማለት ይቻላል። የቲአይ-84 ፕላስ ፕሮሰሰር የዚ80 ቤተሰብ ነው። ያ ቺፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1976 ነው። ስክሪኑ በአግድም 96፣ በቁመት 64 ነጥብ ብቻ አለው። ኋላ የመጡት ባለቀለም ሞዴሎች ስክሪናቸው ጥራት ጨምሯል፤ የአሠራሩ መንፈስ ግን ያው ነው። ያኔ የተማረ ሰው የዛሬውን ማሽን ቢያነሳ ሜኑው አይጠፋውም።

አንድ ኤሌክትሮኒክስ ይህን ያህል ዘመን ሳይለወጥ ሲሸጥ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ምክንያቱ ያለው ፈተና ክፍል ውስጥ ነው። ፈታኞች ስልክ እንዲገባ አይፈልጉም፤ ኢንተርኔት አለው፣ ካሜራ አለው፣ መልእክት ይላላካል። ካልኩሌተሩ ግን ከማንም ጋር አይገናኝም። የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ደካማ መሆኑ ፈተና ክፍል የሚያስገባ ፈቃዱ ሆነለት። ገዢው የሚከፍለው ለስሌት አቅሙ ይመስለዋል። በአብዛኛው የሚከፍለው ግን በፈተና በር ለማለፍ ነው።

ወሳኙ የፈተናው ደንብ ነው

የፈተና ደንቦች እርስ በርሳቸው በጣም ይለያያሉ። አንዱ ጋ ግዴታ የሆነው ሌላው ጋ ክልክል ነው። በአንድ ስም የሚጠራ ፈተና ውስጥ እንኳን አንዱ ወረቀት ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል።

የአሜሪካውን ኤፒ ካልኩለስ እንውሰድ፤ ተማሪዎች ሃይስኩል ሳሉ የሚወስዱት የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ነው። ከ1995 ጀምሮ ግራፊንግ ካልኩሌተር ይጠይቃል። ግን ምን ያህሉን? በቅርብ ዓመታት ባለው ይዘቱ ከ45 ምርጫ ጥያቄዎች ካልኩሌተር የሚፈቀድባቸው 15 ናቸው፤ 30ዎቹ ያለ ካልኩሌተር ይሠራሉ። በጽሑፍ ከሚመለሱት 6 ጥያቄዎች ደግሞ ሁለቱ ብቻ ናቸው በካልኩሌተር። ካልኩሌተር ግዴታ ነው በሚባለው ፈተና ላይ እንኳን ሁለት ሦስተኛው ጥያቄ በባዶ እጅ ነው የሚሠራው። ይህን ቁጥር ሳልነግረው የምሸኘው ወላጅ የለም።

አይቢ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ሁለት የሒሳብ ዘርፍ አለው። ሁለቱም በ2019 ተጀምረው በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈትነዋል። «አናሊሲስ ኤንድ አፕሮችስ» በሚባለው ዘርፍ ወረቀት 1 ያለ ካልኩሌተር ነው፤ ወረቀት 2 ግራፊንግ ካልኩሌተር ይፈልጋል። «አፕሊኬሽንስ ኤንድ ኢንተርፕሪቴሽን» በሚባለው ግን በሁሉም ወረቀቶች ላይ ያስፈልጋል። እዚህ ዘርፍ ውስጥ ገብቶ ማሽን የሌለው ልጅ ከሌሎቹ እኩል አይፈተንም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ምንም ክርክር አያስፈልግም፤ ይገዛለት፣ ወይ ትምህርት ቤቱ ያውሰው።

ወደ እንግሊዙ ፈታኝ ተቋም ወደ ካምብሪጅ ስንሄድ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚወሰደው የኤ ሌቭል ሒሳብ፣ በኮድ ቁጥሩ 9709፣ ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር ጨርሶ አይፈቅድም። ሳይንቲፊክ ብቻ። ያው ካምብሪጅ ግን ከኤ ሌቭል በፊት ባለው በአይጂሲኤስኢ ደረጃ «ኢንተርናሽናል ማቴማቲክስ» በሚባለው፣ በኮድ 0607፣ የተወሰኑ ወረቀቶች ላይ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ተማሪ 0607ን ለመውሰድ ማሽኑን ይገዛል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ 9709 ሲገባ ይከለከላል። «ካምብሪጅ ነው የሚማረው» የሚለው መረጃ ብቻውን አይበቃም። ኮዱን ጠይቁ።

በሌላው ጫፍ የሕንዱ የትምህርት ቦርድ ሲቢኤስኢ አለ፤ የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተናው ላይ ለአጠቃላይ ተማሪው ካልኩሌተር አይፈቀድም። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ደግሞ «ማቴማቲካል ሜተድስ» የሚባለው ትምህርት ሁለት ፈተና አለው። የመጀመሪያው ያለ ምንም ቴክኖሎጂ ነው። ሁለተኛው ሲኤኤስ የሚባለውን ማሽን ይፈልጋል። ሲኤኤስ ማለት ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከነፊደሉ አልጀብራ የሚሠራ ማሽን ነው፤ ፋክተር ያወጣል፣ ኤክስን ለብቻው ያስቀምጣል፣ ዲሪቬቲቩን (የኩርባውን ዳገታማነት) በቀመር ይሰጣል። ይኸው ማሽን አይቢ ላይና ኤሲቲ በሚባለው የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ ክልክል ነው። «በጣም ጎበዙን ሞዴል ግዙልኝ» የሚል ልጅ ፈተና በር ላይ ሊመለስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ውድ የሆነው ሁሉ የተሻለ አይደለም።

ዴስሞስ የለወጠው ነገር

ጥያቄውን ዛሬ እንደ አዲስ የሚያስነሳው ሌላ ለውጥ አለ። ኤስኤቲ የሚባለው ሌላው የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ካልኩሌተር መፍቀድ የጀመረው በ1994 ነው። በ2016 በወጣው ቅርጹ የሒሳቡ አንድ ክፍል፣ 20 ጥያቄ፣ ያለ ካልኩሌተር ነበር። ከዚያ ፈተናው ወደ ኮምፒውተር ገባ፤ በ2023 ከአሜሪካ ውጭ፣ በ2024 አሜሪካ ውስጥም። አሁን 44ቱም የሒሳብ ጥያቄዎች ላይ ካልኩሌተር ይፈቀዳል። ዋናው ነገር ግን ፈተናው ራሱ ካልኩሌተር ይዞ መምጣቱ ነው። ዴስሞስ የሚባለው ግራፍ መሳያ እዚያው የፈተናው ስክሪን ላይ ተቀምጧል። በ2025 የኤፒ ካልኩለስ ፈተና ወደ ኮምፒውተር ሲሻገርም ዴስሞስ አብሮ ገብቷል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዓመታት አቅም ያለው ቤተሰብ ልጅ ማሽኑን ይዞ ይገባ ነበር፤ የሌለው በሳይንቲፊክ ይታገላል። አሁን ሁለቱም አንድ ዓይነት መሣሪያ ፊታቸው አለ። ከልቤ ደስ ያለኝ ለውጥ ነው። ለኤስኤቲ ብቻ ሲባል ግራፊንግ ካልኩሌተር ለሚገዛ ቤተሰብ የምለው ግልጽ ነው፦ አትግዙ። ያንን ጊዜ ልጁ ዴስሞስን በደንብ እንዲለምድ አውሉት። ዴስሞስ በኮምፒውተርም በስልክም በነጻ ይሠራል። ጂኦጀብራም እንዲሁ። ጂኦጀብራን የጀመረው ማርኩስ ሆሄንዋርተር ነው፤ በዛልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ሥራው ሆኖ ነበር የተወለደው።

እንዲያውም ለመማሪያነት ሁለቱ ከእጅ ማሽኑ ይበልጣሉ። ኤ ሲባዛ ኤክስ ስኩዌር የሚለውን ዴስሞስ ላይ ስትጽፉ ለኤ ተንሸራታች ቁልፍ ይሰጣችኋል። በጣት ስትገፉት ፓራቦላው ይጠባል፣ ይሰፋል፣ ዜሮን ሲያልፍ ይገለበጣል። ልጁ «ኤ ምንድን ነው የሚሠራው?» ለሚለው መልሱን በዓይኑ ያየዋል። በአሮጌው ማሽን ላይ ይህንኑ ለማየት ቁጥሩን እየሰረዙ ደጋግሞ መጻፍ ነው። ማየት ለተሳነው ተማሪም ዴስሞስ ኩርባውን በድምፅ ያሰማዋል፤ ኩርባው ሲወጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲወርድ ይወፍራል።

ሳይንቲፊኩን አትናቁት

ብዙ ሰው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ሲባል ሳይንና ኮሳይን ብቻ የሚያወጣውን ያስባል። ያ ድሮ ነው። የካሲዮ ኤፍኤክስ-991 ተከታታይ እኩልታ በቁጥር ይፈታል። የፈንክሽን ሠንጠረዥ ያወጣል፣ ማትሪክስ ያባዛል፣ የተወሰነ ኢንተግራል (በሁለት ወሰኖች መካከል ከኩርባው ሥር ያለውን ስፋት) ያሰላል፣ በአንድ ነጥብ ላይ ዲሪቬቲቭ ይሰጣል፣ ዳታ ላይ ቀጥታ መስመር ያስማማል። የማይሠራው መሳል ነው። ሠንጠረዡን ይዞ መሳል ደግሞ የተማሪው ሥራ ይሆናል። በእኔ እምነት ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል ልጅ ይህ ጉዳት አይደለም።

«ለዩኒቨርሲቲም ይሆነዋል» ብለው የሚገዙም አሉ። ይህም እንደ ቦታው ነው። ብዙ የዩኒቨርሲቲ የካልኩለስ ፈተና ካልኩሌተር አያስገባም። በአሜሪካ መሐንዲሶች ለሙያ ፈቃድ የሚወስዱት ኤፍኢ ፈተና ደግሞ የሚፈቅደው የተመረጡ ሳይንቲፊክ ሞዴሎችን ብቻ ነው። ግራፍ የሚስል አያልፍም።

ማሽኑ እውነት የሚያስፈልግበት ጥያቄ

እስካሁን ያልኩት ማሽኑን ያናናቀ እንዳይመስል። በእርሳስ የማይደረስባቸው ጥያቄዎች አሉ። ኢ (2.718 ገደማ የሆነው ቋሚ ቁጥር) ከፍ ሲል በኤክስ እኩል ይሆናል 3 ኤክስ የሚለውን ውሰዱ። ኤክስ አንዱ ጋ ከላይ ተሰቅላለች፣ ሌላው ጋ ከታች ናት። ሎጋሪዝም ብትወስዱ አትለያይም፤ ሃይስኩል ውስጥ የተማራችሁት የአልጀብራ ዘዴ ሁሉ ያልቃል። ሁለቱን ግራፎች ስትስሉ ግን ሁለት ቦታ ይቋረጣሉ፤ አንዱ 0.619 ገደማ፣ ሌላው 1.512 ገደማ።

እዚህ ላይ ማሽኑን መልመድ ምን ማለት እንደሆነ ይታያል። በቲአይ-84 ላይ ሁለቱን ፈንክሽኖች ጽፋችሁ ካልክ ሜኑ ውስጥ 5ኛውን፣ ኢንተርሴክት የሚለውን ትመርጣላችሁ። ማሽኑ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የመጀመሪያው ኩርባ የትኛው ነው? ሁለተኛውስ? ግምትህ የት ነው? አብዛኛው ልጅ ሦስቴ ኢንተር ብሎ ያልፋል። ኢንተር ሲል ደግሞ ማሽኑ ጠቋሚው ለቆመበት የሚቀርበውን አንድ መልስ ብቻ ይሰጠዋል። ሁለተኛውን ለማግኘት ጠቋሚውን ወደ ሌላው መቋረጫ አስጠግቶ እንደገና መጠየቅ አለበት። ሁለት መልስ እንዳለ አስቀድሞ ያላሰበ ልጅ አንዱን ጽፎ ይወጣል፤ ግማሽ ነጥቡንም እዚያው ይተዋል። መቋረጫው ስክሪኑ ላይ ከሌለ ደግሞ ማሽኑ አያገኘውም።

ኤፒ ካልኩለስ ከማሽኑ የሚጠብቀው አራት ነገር ነው። ፈንክሽንን በተፈለገው ወሰን ውስጥ መሳል፣ የእኩልታን መልስ ማግኘት፣ በአንድ ነጥብ ላይ ዲሪቬቲቭ በቁጥር ማውጣት፣ የተወሰነ ኢንተግራል በቁጥር ማስላት። በቃ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ከእነዚህ አንዱ ብቻ መሳል መሆኑን ልብ በሉ። የተማሪዬ ችግር የነበረው ግን እዚያው መጀመሪያው ላይ፣ «በተፈለገው ወሰን ውስጥ» የሚለው ላይ ነበር። ወሰኑን የሚፈልገው ሰውየው ነው። ማሽኑ አይፈልግለትም።

ስክሪኑ ሲያታልል

በጣም የምወደው ምሳሌ ሳይን 30 ኤክስ ነው። ከኔጌቲቭ 10 እስከ 10 ባለው ቦታ ውስጥ ይህ ፈንክሽን 95 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። በቲአይ-84 ፕላስ ላይ፣ በዚያው በተለመደው ወሰን፣ በራዲያን (ከዲግሪ ሌላ ባለው የማዕዘን መለኪያ) ሳሉት። የሚወጣው አንድ ተኩል ገደማ የሆነ፣ ልስልስ ያለ፣ የተረጋጋ ማዕበል ነው። እንዴት? ማሽኑ በአግድም የሚያሰላው 95 ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ በነጥቦቹ መሃል ስላለው አያውቅም። ኩርባው ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲሄድ አንድ ሙሉ ዙርና ትንሽ ጨምሮ ይዞራል። ማሽኑ የሚያየው ያቺን ትንሽ ጭማሪ ብቻ ነው። ነጥቦቹን ያገናኛል፣ ቆንጆ ውሸት ይወጣል።

ፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር መስሎ ሲታይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምክንያቱ አንድ ነው። ይህን ለተማሪዎች ሳሳያቸው ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ «እና ሌላውንስ እንዴት አምነዋለሁ?» ይላል። ሒሳብ የሚጀምረው እዚያ ጥያቄ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳይን ከኔጌቲቭ 1 እስከ 1 እንደሚወዛወዝ፣ የአንዱ ዙር ርዝመት 2 ፓይ ለ30 ሲካፈል እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ በዚያ ስክሪን አይታለልም። ርዝመቱ 0.21 ገደማ መሆን ነበረበት፤ ስክሪኑ ግን 13 ገደማ ያሳየዋል።

ሌላም አለ። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4፣ ሲካፈል ለኤክስ ሲቀነስ 2። ስክሪኑ ላይ ንጹህ ቀጥታ መስመር ይወጣል። ኤክስ 2 ሲሆን ግን ፈንክሽኑ የለም፤ መስመሩ ላይ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ስፋት የለውምና ብዙውን ጊዜ አይታይም። ዴስሞስም ቢሆን ነጥቡ ላይ ካልሄዳችሁ በስተቀር አይነግራችሁም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ነጥብ የሚያስጥለው ግን ተራው ስህተት ነው። ዲግሪ እና ራዲያን። ሳይን 30 በዲግሪ 0.5 ነው፤ በራዲያን ኔጌቲቭ 0.988። ከዚያ ቅንፍ፦ 1 ሲካፈል ለኤክስ ሲደመር 2 ብሎ ያለ ቅንፍ የጻፈ ልጅ 2 የሚደመረው ከመካፈሉ በኋላ ነው። ከዚያ የኔጌቲቭ ምልክቱ፦ በቲአይ ማሽኖች ላይ የመቀነሻው ቁልፍና የኔጌቲቩ ቁልፍ የተለያዩ ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ ስትጫኑ ማሽኑ ብዙውን ጊዜ የስህተት መልእክት አውጥቶ ይቆማል። ቤት ውስጥ ይህ ምንም አይደለም። ሰዓቱ እየቆጠረ ባለበት ፈተና ላይ ግን ልጅን ላብ በላብ ያደርጋል።

«ልጁን ያሰንፈዋል» የሚለው ስጋት

ይህ የወላጆችም የብዙ አስተማሪዎችም ስጋት ነው። ስጋቱን አከብራለሁ፤ 7 ሲባዛ 8 ለማወቅ ማሽን የሚያነሳ የ11ኛ ክፍል ልጅ አይቻለሁ። በጥናት ሲታይ ግን ነገሩ እንደምንፈራው አይደለም። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤሊንግተን በ2003 የ54 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሰብስባ መርምራ ነበር። ካልኩሌተር በትምህርቱም በፈተናውም ውስጥ በገባባቸው ክፍሎች የተማሪዎቹ የማስላትም ጥያቄ የመፍታትም ችሎታ ተሻሽሏል። ለትምህርት ብቻ ውሎ ፈተናው ላይ ሲከለከልም በችሎታቸው ላይ ጉዳት አልታየም።

ከዚህ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር «በትምህርቱም በፈተናውም» የሚለው ነው። ማሽኑ የሚጠቅመው አስተማሪው ሲያስተምርበት ነው። ክፍል ውስጥ ማንም የማይነካው ከሆነ፣ ፈተናውም የማይቀበለው ከሆነ፣ ልጁ ብቻውን ቤት ውስጥ ይዞት የሚቀመጠው ዕቃ ከመሳቢያ አይወጣም።

እኔ የምሠራበት መንገድ አንድ ነው። ቁልፍ ከመነካቱ በፊት ወረቀት ላይ ይሳላል። ትክክል መሆን የለበትም፤ የት እንደሚቆርጥ፣ ወደ የት እንደሚሄድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ ብቻ። ከዚያ ማሽኑ ይከፈታል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ የዕለቱ ትምህርት እዚያ ነው። ልጁ ተሳስቷል ወይስ ወሰኑ? አንዳንዴ ልጁ ነው፣ አንዳንዴ ወሰኑ። ያ ሦስት መስመር ያየው ልጅ ዛሬ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ማሽኑም ጠቅሞታል፣ ምክንያቱም የሚፈተነው ኤፒ ካልኩለስ ነው።

ልትገዙ ከሆነ

መጀመሪያ የፈተናውን ሙሉ ስም፣ ካለም ኮዱን ያዙ። ከዚያ የዚያን ዓመት የተፈቀዱ ሞዴሎች ዝርዝር ከፈተናው ባለቤት ድረ ገጽ ላይ አንብቡ። የዘመድ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት የተጠቀመበት ዛሬ ላይፈቀድ ይችላል።

ቀጥሎ አስተማሪውን ጠይቁ፤ ክፍል ውስጥ የትኛውን ነው የሚያሳየው? ጥራታቸው ከሚቀራረቡ ሁለት ሞዴሎች መካከል አስተማሪው የሚያውቀው ይመረጥ። ልጁ ሜኑ ጠፍቶት ሲደናገር የሚረዳው አጠገቡ ያለው ሰው ነው። ያገለገለ ማሽንም ምንም አይለውም፤ አሠራራቸው ብዙም አይለወጥም ብያለሁ። ስክሪኑ ላይ የሞተ መስመር አለመኖሩን፣ ቁልፎቹ ሁሉ መሥራታቸውን፣ የባትሪው ቦታ አለመዛጉን እዩ። ባትሪው የሚሞላ ዓይነት ከሆነ ቻርጅ ምን ያህል እንደሚይዝ አንድ ቀን ሞክሩት። ትምህርት ቤቱ የሚያውስ ከሆነ ደግሞ ከመግዛት በፊት እሱን ጠይቁ። የውሰት ከሆነ ግን ልጁ ለልምምድ ወደ ቤት ይዞት መሄድ መቻሉን አረጋግጡ። በፈተና ቀን ጠዋት ብቻ የሚሰጥ ማሽን ለልጁ ባዕድ ነው።

ጊዜውም አለ። ከፈተናው አንድ ሳምንት በፊት የተገዛ ማሽን ከሌለው አይሻልም፤ ልጁ ሒሳቡን ትቶ ቁልፍ ሲፈልግ ይውላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በእጁ ይቆይ። ብዙዎቹ ሞዴሎች የፈተና ሁነታ የሚባል አላቸው፤ የተከማቸውን ማስታወሻና ፕሮግራም ይዘጋል ወይም ያጠፋል፣ በአንዳንዶቹ ላይ ፈታኙ እንዲያይ ትንሽ መብራት ብልጭ ትላለች። ልጁ ይህን ሁነታ ቤት ሳለ ከፍቶ ይሞክረው። ሁነታው ሲከፈት የዲግሪና የራዲያን ምርጫው ሊለወጥ ይችላል። ያንን ፈተና ክፍል ውስጥ ከማወቅ ማታ ጠረጴዛው ላይ ሳይን 30 ጽፎ 0.5 መውጣቱን ማየት ይሻላል።